ይጥፋ ወይስ ይጉላ?

ጡረታ የሚያወጣኝ መሥሪያ ቤት ስላልነበረኝ ባለፈው መስከረም ራሴን በራሴ ጡረታ አወጣሁ። ሽኝት አልተደረገልኝም፤ ጋቢም አልተሸለምኩም። የስቱዲዮውን ቁልፍ ለእህቴ ልጅ ለሄለን ሰጠኋት፣ በራፉ ላይ ትንሽ ቆምኩ፣ ከዚያ ምሳዬን ልበላ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ዲላ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ፎቶ አንስቻለሁ። በዚህ ከተማና ከዚህ እስከ ጌዴብ ባለው መንገድ ዳር በየሰዉ ሳሎን ከተሰቀለው ፎቶ ብዙው በእጄ ያለፈ ነው ብል ጉራ አይሆንብኝም። ከሆነም ይሁን፤ ጡረተኛን ማን ይከለክለዋል?

ሰው በስሜ አይጠራኝም። ታምሩ የምትለኝ ባለቤቴ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ። ከተማው የሚያውቀኝ «ይጥፋ ወይስ ይጉላ» በሚለው ነው። ፎቶ ይዞ የገባን ሰው ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የምጠይቀው እሱን ስለሆነ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገና ከበሩ ይቀድሙኛል። «ፋዘር፣ ይጉላ!» ብለው ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ግን ለማንም ዘርዝሬ ነግሬ አላውቅም። ባለፈው ወር አንድ ነገር ስለተገኘ አሁን ልናገር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሳህሌ ናቸው። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ዲላ የቀሩ፣ ቀጭን፣ ዘወትር ግራጫ ጋዋን የሚለብሱ ሰው ነበሩ። እሳቸው ዘንድ የገባሁት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ካሜራ አላስነኩኝም። እጄን በሳሙና መታጠብ ብቻ ነበር ያስተማሩኝ። «ጣትህ ላይ ያለው ቅባት ኔጋቲቩ ላይ ከቀረ የሰውዬው ግንባር ላይ ነው የሚወጣው» ይሉኛል። ታጥቤ ስመጣ እጄን ገልብጠው ያዩና እንደገና ይልኩኛል።

ደንበኛን «ሳቅ በል» ብለውት አያውቁም። ሰውዬው ደረቱን ነፍቶ፣ ትንፋሹን ይዞ መጋረጃው ፊት ሲቆም፣ ካሜራው ኋላ ሆነው «ቡናው ዘንድሮ እንዴት ነው?» ይሉታል። ገበሬው ሊያማርር ወይም ሊያመሰግን አፉን ሊከፍት ሲል፣ ቃሉ ከመውጣቱ በፊት፣ ያነሱታል። መልስ ሊሰጥ ሲል የማንም ሰው ፊት የራሱ ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር። የሴት ደንበኛ አገጭ በእጃቸው ነክተው አያስተካክሉም። የራሳቸውን አንገት ዘንበል ያደርጋሉ፣ ሴትየዋ ሳታውቀው ትከተላቸዋለች። እኔም ከእሳቸው ወርሼ አንገቴ ወደ ግራ ተጣሞ ቀርቷል።

ከልማዳቸው ሁሉ የሚያናድደኝ ግን የሙከራው ነገር ነበር። በጨለማው ክፍል፣ በቀዩ መብራት፣ ሙሉውን ወረቀት ከማባከን በፊት ሁለት ጣት የምታህል ቁራጭ ወረቀት ተቆርጣ ብርሃን ይሞከርባታል፤ አንዱ ክፍሏ ለአጭር ጊዜ፣ አንዱ ለመካከለኛ፣ አንዱ ለረጅም። ሌላው ፎቶ አንሺ ቁራጯን ማሽኑ ከሚያበራው ምስል የትኛውም ክፍል ላይ ያኖራታል፣ መጋረጃው ላይም ይሁን ቀሚሱ ላይ። ጋሽ ሳህሌ ግን ከፊት ላይ ካልሆነ አይሞክሩም። «ሰው የሚመጣው ለፊቱ ነው፤ ለመጋረጃዬ አይደለም» ይላሉ። ሲጨርሱ ከጀርባዋ የኔጋቲቩን ቁጥር በእርሳስ ይጽፉና የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጧታል። የሰው ፊት ቆሻሻ ላይ አይጣልም ነው ነገሩ። ቆርቆሮዎቹ ክፍሉን ሞሉት፣ እኔ የምቆምበት ጠፋ።

እኔ ደግሞ ጎበዝ የሆንኩት በምላጭ ነበር። ኔጋቲቭ ላይ ነገሩ ሁሉ ግልብጥ ነው፤ ነጭ ልብስ ጥቁር፣ ጥቁር ፀጉር ነጭ ሆኖ ይታያል። ኔጋቲቩን በምላጭ ጫፍ የፋቅህበት ቦታ ወረቀቱ ላይ ጥቁር ይወጣል፤ በእርሳስ የቀባኸው ደግሞ ይነጣል። የእኛ መጋረጃ ጥቁር ነበር። እንግዲህ መጋረጃው ፊት የቆመን ሰው ትዕግሥት ያለው እጅ ፍቆ ሊያጠፋው ይችላል ማለት ነው። አንዲት የከተማችን ሴት የፈታችውን ባሏን ከሠርግ ፎቷ ላይ እንዳጠፋላት ለመነችኝ። አጠፋሁት። በሽታም ገድሎት እንደዚያ አይጠፋም ነበር። ወሬው ተሰማና በዚያው ወር ሁለት ሌሎች ሴቶችና አንድ ተናዳጅ አማች መጡ። ልቤ አበጠ። ጋሽ ሳህሌ «በምላጭ የተሠራ ነገር አይመለስም፣ ቀስ በል» ቢሉኝ እርጅና ነው አልኩ።

ወይዘሮ ታደለች የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ሳህሌ ለገበያ ቀን ካሜራቸውን ይዘው ይርጋጨፌ ሄደዋል፤ ስቱዲዮው ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ከወርቃ ነው የመጣችው። በግምት የእኔ እኩያ ናት፣ ሆዷ ገፍቷል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ክፈፍ ይዛለች። ክፈፉ ውስጥ ያለው ፎቶ ጣሪያ አፍስሶበት ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። አንዲት ሴት ተቀምጣ አንድ ሰው አጠገቧ እንደቆመ ያስታውቃል፤ ፊታቸው ግን ጠፍቷል። ከጀርባው ካርቶኑን ሳነሳ በጋሽ ሳህሌ እርሳስ የተጻፈ ቁጥር አገኘሁ፦ 2417። ኔጋቲቩ እኛ ዘንድ ነው ማለት ነው።

ጣቷን የቆመው ሰው ላይ አደረገች።

«ይሄ ሰውዬ ጥሎኝ ሄደ» አለችኝ። «ከዚህ ውስጥ አውጣልኝ። ለእሁድ ይድረስልኝ።»

ድምጿ ደረቅ ነበር። አላለቀሰችም። ጥቁርም አልለበሰችም። የእሷ ጸሎት ቤት ሰዎች ለሐዘን ጥቁር መልበስ እንደማይወዱ ያን ጊዜ ልብ አላልኩም። ነፍሰ ጡር ሚስቱን ጥሎ የሄደ ባል! ደሜ ፈላ። «እህቴ፣ አታስቢ፣ ድራሹን አጠፋልሻለሁ» ልላት ፈልጌ፣ ጨዋ ልሁን ብዬ «እሺ፣ አወጣልሻለሁ» ብቻ አልኳት።

ኔጋቲቩን አውጥቼ በማጉያ መነጽር ሥር አንድ ሙሉ ቀን ሠራሁበት። ከጫማው ጀምሬ ወደ ላይ ወጣሁ። ፊቱ ላይ ስደርስ አዘንኩለት እንኳ አልልም። ግራ ቅንድቡ ከቀኙ ከፍ ያለ ነበር፤ አፉም ሊናገር እንደተዘጋጀ ትንሽ ተከፍቷል። ጋሽ ሳህሌ ስለ ቡናው ጠይቀውት ይሆናል። ፋቅኩት። ያስቸገረኝ እጁ ብቻ ነበር። እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ ነበርና አራት ጣቶቹ ነጩ ቀሚሷ ላይ ይታያሉ። እዚያ ላይ ብፍቅ ትከሻዋ ይበሳል። ስለዚህ ጣቶቹን በእርሳስ ሸፈንኳቸውና ቀሚስ ሆኑ። በአሮጌው ፎቶ ልክ አትሜ፣ አዲስ ክፈፍ ውስጥ አስገብቼ፣ ራሴን እያደነቅኩ ጠበቅኳት።

ቅዳሜ መጣች። ጨርቁን ገለጠች። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሰውዬው የታለ?»

«አወጣሁት እኮ!»

«የት አወጣኸው?»

ያኔ ነው የገባኝ። ባሏ ቡና የጫነ መኪና ላይ ሆኖ ሲሄድ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። ኪሱ ውስጥ የነበረ መታወቂያ እንኳ አልተገኘም። በዓለም ላይ ያለው ፎቶ ያ ብቻ ነበር። «አውጣልኝ» ያለችኝ ለይተህ፣ አጉልተህ፣ ብቻውን አድርገህ ስጠኝ ብላ ነው፤ እሁድ ለቅሶው ላይ ሊቆም። እኔም ቃል በቃል አወጣሁት።

ጋሽ ሳህሌ ሲገቡ ሁለታችንም እንደቆምን ነበርን። ነገሩን ሰሙ። ኔጋቲቩን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄደው ወደ ብርሃኑ አነሱት። ቆርቆሮዎቹን ሁሉ መሬት ላይ ገለበጥናቸው፤ የእያንዳንዷን ቁራጭ ጀርባ አየን። 2417 የለችም። ከዚያ ጋሽ ሳህሌ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጥጥ በስፒሪት ነከሩና የቀባሁትን እርሳስ ቀስ ብለው ጠረጉት። አራቱ ጣቶች ተመለሱ። ሌላው የሰውዬው አካል ግን በምላጭ የሄደ ስለሆነ አልተመለሰም። ያንኑ በዚያው ልክ አተሙትና «ነገ ወርቃ እንሄዳለን። የምትናገረው አንተ ነህ» አሉኝ።

ለቅሶው ላይ ሰዉ ሁሉ ተሰብስቧል። ፎቶው ሊቆምበት የታሰበው ወንበር ላይ የሟች ኮት ተሰቅሏል። ተነሥቼ ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ በቅጡ አላስታውስም፤ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ማለቴን ብቻ አስታውሳለሁ። አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፎቶ የሌለው ብዙ ሰው ቀብረናል» አሉ። «ፎቶ ኖሮት የተፋቀ ግን ይሄ መጀመሪያው ነው።»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ሳህሌ ፎቶውን ለታደለች ሰጧት። ጥቁር ጨለማ ውስጥ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት፣ ትከሻዋ ላይ አራት ጣት። ጣቶቹን በጣቷ ነካቻቸው።

«ይሄ የሱ ጣት ነው» አለች። ይዛው ገባች።

ሥራውን ልተው ነበር። በማግስቱ ጋሽ ሳህሌ አንድ ካርቶን ሰጡኝና በትልቁ እንድጽፍ አዘዙኝ፦ ይጥፋ ወይስ ይጉላ? ከባንኮኒው በላይ ሰቀሉት። «ሰው ሲናገር የገባህ ሲመስልህ ነው መጠየቅ ያለብህ» አሉኝ። «ያልገባህማ ራሱ ያስጠይቅሃል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በአማርኛ ለሚመጣውም በአማርኛ፣ በጌዴኦኛ ለሚመጣውም በጌዴኦኛ ጠይቄያለሁ። ለዚህች ጥያቄ ብዬ ኦሮምኛና ሲዳምኛም ተምሬያለሁ።

ታደለች በዓመቱ ተመልሳ መጣች። ጀርባዋ ላይ ሴት ልጅ አዝላለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት ብዙ አይለይም።

«ልጁን አንሳልኝ» አለችኝ። ፊቷ ሳይስቅ፣ «እንዳታወጣው ብቻ» ጨመረች። መጀመሪያ ጋሽ ሳህሌ ሳቁ፣ ከዚያ እሷ። እኔ ካሜራው ኋላ ተደብቄ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመኔ ጥሩ ዘመን ነው። በገበያ ቀን ይርጋጨፌ፣ በቡና ወቅት ባንኮ ጎቲቲ እየሄድኩ የማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኞችን ለመታወቂያ አነሳሁ። ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ነጭ አንሶላ እሰቅላለሁ፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አንዱን ኮት ይቀባበላል። ዛሬም አንዳንድ አሮጌ መታወቂያ ላይ ያንን ኮት አየዋለሁ፤ ከእኔ የበለጠ ሰው አውቋል። ጋሽ ሳህሌ ካረፉ በኋላ ስቱዲዮውን ባለቤቴ እየጠበቀችልኝ ለጥቂት ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ፎቶ አንሺ ሆኜ ነበር። ደመወዙ በሰዓቱ ይደርሳል፤ ፎርሙ ግን አያልቅም። አለቃዬ ችግኝ ሲተከል ከችግኙ ፊት የሚቆሙ ሰው ነበሩ። ሪፖርቱ ላይ ችግኙ አይታይም፣ እሳቸው ግን በደንብ በቅለዋል። አንድ ቀን ችግኙን ከፊት፣ እሳቸውን ከኋላ አድርጌ አነሳሁና በሳምንቱ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ወደ ስቱዲዮዬ የተመለስኩት በደስታ ነው።

ባለቀለሙ ፎቶ መጣ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ። ኮምፒውተር ያስተማረችኝ ሄለን ናት፤ ዲዛይን ተምራ የመጣች ልጅ ስለሆነች አትታገሠኝም። አልበም ማቀናበር ግን እኔ አስተማርኳት። ጽሑፍ ፊት ላይ አይወጣም። የቤተሰብ አልበም የመጨረሻው ገጽ ባዶ ይተዋል፣ ገና ላልተወለደው። ደግሞ ሟችን ደመና ላይ አስቀምጥልኝ፣ እርግብ ጨምርልኝ የሚል ደንበኛ ብዙ ነው። እኔ ሟችን በሕይወቱ የቆመበት ቦታ ላይ ነው የማቆመው፣ እንሰቱ አጠገብ ወይም ቡናው ሥር። በደመናው ምክንያት ያኮረፈኝ ሰው አለ፤ ዓመት ቆይቶ ግን የልጁን ሠርግ ይዞ ወደ እኔው ይመለሳል።

የታደለች ልጅ ምሕረት ከዩኒቨርሲቲው ስትመረቅ ጋዋኗን ለብሳ ልትነሣ መጣች። አንስቻት ስጨርስ ከወንበሩ አልተነሳችም።

«ጋሼ፣ የአባቴን ፊት ያስታውሱታል?»

ሌላ ሰው ቢሆን አስታውሳለሁ ብሎ ያጽናናት ነበር። እኔ ያንን ፊት አንድ ቀን ሙሉ በመነጽር አይቼዋለሁ፤ ግን ያየሁት በኔጋቲቭ ነው። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር። ዓይኖቹ እንደ መብራት የበሩ፣ ጥርሱ የጠቆረ ሰው ነው የማውቀው። እሱኑ ነገርኳት።

«ያደግኩት ከጣቶቹ ጋር ነው» አለችኝ። «ልጅ ሆኜ የእናቴ ትከሻ ላይ የራሴን ጣት እንደዚያ አድርጌ ሳሎን እቆም ነበር። ፊቱን ግን ከየት ላምጣው?»

እስከዚያ የሠራሁትን ሁሉ ደምሬ ለዚች አንዲት ጥያቄ የሚሆን ነገር ማጣቴ ብዙ ቀን አንገበገበኝ።

እንግዲህ ባለፈው ወር ሄለን ለአዲሱ ማተሚያ ቦታ ስለፈለገች የጨለማውን ክፍል ላስለቅቅላት ሄድኩ። የጋሽ ሳህሌ የፎቶ ማጉያ ማሽን፣ ብረቱ የከበደው፣ እስከዚያ ቀን ከጠረጴዛው ላይ አልተነሳም ነበር። ሁለታችን ስናነሳው አንደኛው እግሩ ሥር ተጣጥፎ የተወተፈ ወፍራም ነገር ወደቀ። ጋሽ ሳህሌ ማሽኑ እንዳይወዛወዝ ብለው ያደላደሉበት ነው። ሙከራዎች ናቸው፤ አስር አስራ ሁለት ቁራጭ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ። እሳቸው ቆሻሻ ላይ አልጣሏቸውም፤ ሥራ ላይ አዋሉ እንጂ። ራሳቸውም ረስተውት ይሆናል።

እጄን ታጠብኩ። የፎቶ ወረቀት ውሃ አይፈራምና ሳህን ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። አንድ በአንድ እየተላቀቁ ተንሳፈፉ። አራተኛዋን ገልብጬ ጀርባዋን ሳይ እርሳሱ አልለቀቀም። 2417።

ገልብጬ ፊቷን አየሁ። ግንባሩ ፈዛዛ፣ ዓይኑ ልክ፣ አገጩ የጠቆረ፣ በሦስት ብርሃን የተሞከረ ሰው። ቀኝ ጆሮው ተቆርጦ ቀርቷል። ግራ ቅንድቡ ከፍ ብሏል፤ አፉ ሊናገር ነው። ያን ሁሉ ዘመን ያተምኩትን ፎቶ ሁሉ፣ ሠርጉንም ምረቃውንም፣ ያተምኩት ማሽኑን በዚህ ሰው ፊት ላይ አቁሜ ነው።

ሄለን ወዲያው ወደ ስካነሩ ወሰደቻት።

«ጋሼ፣ ጨለማና ብርሃኑን አስተካክላለሁ። ጆሮውንም ደረቱንም ፕሮግራሙ ይሞላልናል።»

«ጆሮውን ከየት ያመጣዋል?»

«ይገምታል።»

«እኔም ገምቼ ነበር» አልኳት።

ቁራጯን መጽሐፍ ውስጥ አድርጌ በማግስቱ ሚኒባስ ያዝኩና ይርጋጨፌ ወረድኩ። ምሕረት እዚያ መምህርት ናት፤ እናቷም አብራት ትኖራለች። ስልክ ስደውል «የሚታይ ነገር ይዤ እመጣለሁ» ብቻ ነበር ያልኩት። ታደለች አርጅታለች፤ ዓይኗም ደክሟል። ሳሎኑ ውስጥ ያ ፎቶ ተሰቅሏል፣ ጨለማውና ጣቶቹ።

ቁራጯን በሁለት እጄ ሰጠኋት። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አየቻት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ አየቻት።

«መጣህ?» አለችው።

ምሕረት ከእናቷ ትከሻ በላይ አጎንብሳ አየች። እጇ ሳታውቀው ወደ ራሷ ግራ ቅንድብ ሄደ። ከዚያ ተነሥታ ክፈፉን ከግድግዳው አወረደች፣ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው፣ ቁራጯን ከእናቷ ተቀብላ መስታወቱ ላይ፣ ከአራቱ ጣቶች በላይ ባለው ጥቁር ላይ አኖረቻት። ትንሽ ወደ ግራ ገፋ አደረገቻት። ገጠመ። ሙከራውም ፎቶውም በአንድ ማሽን፣ በአንድ ልክ የታተሙ ናቸውና ፊቱ ለእጁ ልክ ሆነ። ሰውዬው ሚስቱ አጠገብ ቆመ።

ሦስታችንም አለቀስን። አላፍርበትም። መጨረሻ ላይ ግን ሥራ ሥራ ነውና ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«እትዬ ታደለች፣ ይጥፋ ወይስ...»

ምሕረት በእንባዋ መሐል በሳቅ ፈነዳች። ታደለች እጇን አነሳችብኝ።

«አይጥፋ። አይጉላ» አለች። «ቁመቱ ልኩ ይሄ ነው። እዚሁ አስገባልኝ።»

«ከመስታወቱ ሥር ላስገባው ማለትሽ ነው?»

«አዎ። አስገባው።»

ሳሙናው የት እንዳለ ምሕረትን ጠየቅኳት። ጓሮ ወጥቼ እጄን ታጠብኩ፣ ገልብጬ አየሁት፣ እንደገና ታጠብኩ። ከዚያ ተመልሼ ክፈፉን ከጀርባው ከፈትኩት።